ድህነቱ ይቅርባቸው፤ ጓሮው ግን…

በእኔ ዕድሜ ያሉ የፒያሳ ልጆች ተሰብስበው ቡና ሲጠጡ ወሬው ዞሮ ዞሮ የካልሲ ኳስ ላይ ማረፉ አይቀርም። አንዱ ጨርቅና ፌስታል ጠቅጥቆ ስለሰፋው ኳስ ይጀምራል፤ ሌላው ከሽቦ አጣምሞ ስለሠራው መኪና ይቀጥላል፤ ሦስተኛው በኩሽኔታ ጋሪ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ቁልቁል ሲወርድ ያተረፈውን ጠባሳ ሱሪውን ሰብስቦ ያሳያል። ከዚያ የተለመደው ፍርድ ይሰጣል። «እኛን ያስተማረን ችግር ነው። የዛሬ ልጆች ሁሉ ተሟልቶላቸው አንዲት ነገር አይፈጥሩም።» ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፣ ሒሳብ ይከፈላል፣ እያንዳንዱም ቤቱ ይገባና ልጁ እንዳይረብሸው ስልኩን ያቀብለዋል።

ይህ ፍርድ ያናድደኛል። ሙሉ በሙሉ ውሸት ቢሆን ኖሮ ስቄ ባለፍኩት ነበር፤ የሚያናድደኝ ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው። እውነት ነው፣ ከወዳደቀ ነገር መጫወቻ ስንሠራ አድገናል። ዛሬ እንጀራዬ የሆነውን የመጻሕፍት ንድፍ የጀመርኩትም ያኔ እንደሆነ ይሰማኛል። ውሸቱ ያለው ምስጋናውን ለችግር መስጠቱ ላይ ነው። ችግር ብልሃትን ይወልዳል ይባላል። እኔ ባየሁት ግን ችግር ብቻውን ሲተው የሚወልደው ሌላ ችግር ነው። ብልሃቱን የወለደው ከችግሩ ጎን የነበረ ሌላ ነገር ነው፤ እርሱን ለይተን ካላወቅን ለልጆቻችን የምናወርሰው ወይ ተረት ይሆናል ወይ ወቀሳ።

ያደግሁት በ1980ዎቹ ሠራተኛ ሰፈር፣ ሰባት ቤተሰብ አንድ ቧንቧና አንድ ጓሮ በሚጋራበት የቀበሌ ቤቶች ግቢ ውስጥ ነው። አባቴ አራት ኪሎ አካባቢ ማተሚያ ቤት ይሠራ ስለነበር ከመቁረጫ ማሽኑ ሥር የሚጠረገውን የወረቀት ቁራጭ በከረጢት ይዞልን ይመጣ ነበር። ርዝመቱ ክንድ ያህላል፣ ወርዱ አራት ጣት አይሞላም። በእንዲህ ያለ ወረቀት ላይ አንድ ቤት እንኳ ከነጣራው መሣል አይቻልም። ስለዚህ የምንሥለው ሰልፍ ነበር፦ የአህያ ሰልፍ፣ የወታደር ሰልፍ፣ ቀብር፣ ታቦት አጅቦ ወደ ጃንሜዳ የሚወርድ ሕዝብ። ዛሬም ገጽ ሳዘጋጅ እጄ ወደ ጎን መሮጥ ይወዳል፤ አለቆቼ ይህን ጠባዬን አይወዱልኝም።

የጓሮው ትልቁ ሥራችን ግን ሲኒማው ነበር።

ሲኒማ ኢትዮጵያና ሲኒማ አምፒር ከቤታችን በእግር ይደረስባቸዋል፤ የመግቢያው ገንዘብ ግን አይደረስበትም። ፊልም ሲበጠስ ተቆርጦ የሚጣለው ቁራጭ በልጆች እጅ ይዞር ነበር፤ በብይ ይለወጣል፣ በቆርኪ ይገዛል፣ አንዳንዴም በጉልበት ይነጠቃል። አራት አምስት ምስል ያለበትን የ35 ሚሊ ሜትር ቁራጭ ወደ ብርሃን አንሥቶ በአንድ ዓይን ማየት የጀማሪ ጨዋታ ነው። እኛ ግድግዳ ላይ ማየት ፈለግን።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የተቃጠለ አምፖል ይፈለጋል። የቆርቆሮ መቀመጫው በሚስማር ተፈልፍሎ ይከፈትና ውስጡ ያለው የመስታወት ዘንግ ከነክሩ ተሰብሮ ይወጣል፤ ብዙ አምፖልና ብዙ ጣት የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ንጹሕ ውኃ ይሞላና አፉ በጨርቅ ይወተፋል። የእናቴ ማድ ቤት በሩ ሲዘጋ ድቅድቅ ጨለማ ነው፤ በሳንቃው ላይ የነበረችውን ቀዳዳ እርሷ ሳታይ አሰፋናት። ከውጭ አንድ ልጅ የመስታወት ስባሪ ይዞ የፀሐይዋን ብርሃን ወደ ቀዳዳዋ ይመልሳል። ብርሃኑ መጀመሪያ በፊልሙ፣ ቀጥሎ በአምፖሉ ያልፍና ማዶ በተሰቀለ ነጠላ ላይ ያርፋል። ፊልሙ ከአምፖሉ ሁለት ጣት ያህል ርቆ መያዝ አለበት፤ ከዚያ ቢቀርብም ቢርቅም ነጠላው ላይ የሚታየው ጭጋግ ነው።

ውኃ የሞላው አምፖል ወፍራም ሌንስ ስለሆነ ምስሉን ገልብጦ ይጥለዋል። ይህን አናውቅም። የመጀመሪያው ቀን ፈረሱ እግሮቹን ወደ ሰማይ ሰቅሎ፣ ጋላቢው በባርኔጣው ቆሞ አየናቸው። ወንድሜ አምፖሉን አዞረው፤ ያው ነው። አቃናው፣ አጋደመው፤ ያው ነው። ገና ፊደል ያልቆጠረ የጎረቤት ልጅ ከኋላ ሆኖ «ፊልሙን ገልብጡታ» አለ። ከዓመታት በኋላ የፊዚክስ መምህራችን ሰሌዳው ላይ ሁለት መስመር አቆራርጠው የተዘቀዘቀች ሻማ ሲሥሉ ከክፍሉ ሁሉ የሳቅሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። መምህሩ ተቆጥተው አስወጡኝ፤ ያቺን ሻማ ግን ከእኔ ይበልጥ የተረዳት ተማሪ እዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም።

ፀሐይም አንድ ቦታ አትቆምም። መስታወት ያዡ እየተከተለ ማዘንበል ነበረበት፤ ሲሰለቸውና ሲያዛጋ ፈረሱ ከነጠላው ተነሥቶ ጣራ ላይ ይወጣል፣ ተመልካቹ ያፏጫል። ደግሞም ምስሉ አይንቀሳቀስም። ፈረሱ ለምን ቆመ? ጋላቢው ማንን ነው የሚያየው? ይህን የሚናገር ሰው ያስፈልግ ነበር፤ ተናጋሪዋ እኔ ሆንኩ። በማግሥቱ ያው ተመልካች ያንኑ ምስል ለማየት ሲመጣ ሌላ ታሪክ ይጠብቃል፤ ታሪኩ ካልተለወጠ ለመግቢያ የከፈለው ቆርኪ እንዲመለስለት ይጠይቃል። እንደዚያ ያለ ጥብቅ አንባቢ ከዚያ ወዲህ አልገጠመኝም። ግቢያችን ውስጥ ቴሌቪዥን በነበረው ብቸኛ ቤት መስኮት ላይ ተደራርበን አባባ ተስፋዬን ስናይ፣ ሌሎቹ ልጆች ተረቱን ሲሰሙ እኔ ሰውየው የት ላይ ዝም እንደሚሉ እጠብቅ ነበር። ለብዙ አሥርት ዓመታት የአገሩን ልጅ ሁሉ በድምፅና በፊታቸው ብቻ አፍ ያስከፈቱ ሰው ናቸው፤ እኔም የምፈልገው ያንን ምሥጢር መስረቅ ነበር።

እዚህ ድረስ ያነበበ የዕድሜ እኩያዬ «አየሽ፤ ያስተማራችሁ ማጣት ነው» ይለኛል። ይቆይ። አምፖሉ ከየት እንደሚከፈት ማን አሳየን? በረንዳቸው ላይ ሰዓት የሚጠግኑት ጋሼ ናቸው። ዓይናቸው ላይ የሚሰኳትን ማጉያ አንዱ ልጅ ለምኖ ካየባት በኋላ «ውኃም እኮ እንዲህ ያደርጋል» ብለው አንዲት ጠብታ በመስታወት ቁራጭ ላይ ጠብ አድርገው የጋዜጣ ፊደል አጉልተው ያሳዩን እርሳቸው ናቸው። መስታወቱንም የሰጡን እርሳቸው ናቸው። ከበረንዳው ቀጥሎ ልብስ ሰፊዋ እትዬ አሉ፤ ሲንጀራቸው ሥራ ሲፈታ መርገጫውን እንድንረግጥ፣ ከቁራጩ ጨርቅ እንድንመርጥ ይፈቅዳሉ። ከግቢው በር ወጣ ሲሉ ጎሚስታው ካላማዳሪያ ይለጥፋል፤ ከዚያ ወዲያ ቶርኖ ቤቱ፣ ከእርሱም ወዲያ አሮጌ ኩሽኔታ የምንለምንበት ጋራዥ አለ። እነዚህ ሰዎች ሊያስተምሩን ብለው አልተቀመጡም። ሥራቸውን ነበር የሚሠሩት። እኛ ግን የተበላሸ ነገር እንዴት እንደሚፈታ፣ ብሎኑ እንዳይጠፋ የት እንደሚቀመጥ፣ ጎበዝ ባለሙያም ሲስት እንዴት እንደሚራገምና እንደገና እንደሚጀምር እያየን አደግን። በእጃቸው ካቻቢቴና ፒንሳ ይዘው የሚውሉ ሰዎች በሌሉበት ግቢ ማጣታችን ያው ማጣት ሆኖ ይቀር ነበር።

ጊዜም ነበር። መማሪያ ክፍል ስለማይበቃ ትምህርቱ በፈረቃ ነው፤ ግማሹ ተማሪ ጠዋት፣ ግማሹ ከሰዓት ይገባል። ለትምህርት ሥርዓቱ ይህ ጉድለት ነበር፤ ለእኛ ግን በየቀኑ ማንም የማይጠይቀን ግማሽ ቀን ማለት ነው። መሰላቸት የምንችልበት ጊዜ ነበረን። ደግሞም የተሰላቸነው ለብቻችን አልነበረም፤ የአራት ዓመቱም የአሥራ አራት ዓመቱም አንድ ጓሮ ውስጥ ይውላል፣ ትንሹ ከትልቁ አሠራር ይሰርቃል፣ ትልቁም ከላይ እንዳልኩት ፊልሙን መገልበጥ ከትንሹ ይማራል።

ዕቃውስ? የኒዶውን ጣሳ እናቴ ለበርበሬ ትፈልገዋለች። ጠርሙሱን ቆራሌው ይገዛዋል። አሮጌው ልብስ ለልዋጭ ሴቶች ተሰጥቶ በሳፋ ይለወጣል። ልጆች እጅ የሚገባው ከዚህ ሁሉ ወንፊት የተረፈው ነው፦ ቆርኪ፣ የተበጠሰ ሸበጥ፣ ዝገት የበላው ሽቦ። ከዚህ ላይ የሚበላሽ ነገር ስለሌለ የሚቆጣም የለም። ከግቢያችን አንዱ ልጅ ከዓረብ አገር አክስቱ የላከችለት የሚጮኽ መኪና ነበረው፤ ቡፌ ውስጥ ተቆልፎበት እንግዳ ሲመጣ ብቻ ይታይ ነበር። የሽቦ መኪና ሠርቶ የሚጫወተውም ያው ልጅ ነው። መጫወቻ ያጣ ልጅ አልነበረም፤ እንዲሰብረው የተፈቀደለት መጫወቻ ነው ያጣው።

ማንም ግን እንዳይታለል፣ ይህ ጓሮ ለሁላችንም እኩል አልነበረም። ወንድሞቼ ግማሽ ቀን ሲኖራቸው እኔ የነበረኝ ከዕቃ ማጠብ፣ ከቡና መውቀጥና ከቧንቧ ወረፋ የተረፈው ነው። ለእንቁጣጣሽ ወንዶቹ ልጆች አበባና መላእክት ሥለው በየቤቱ እየዞሩ ይሰጣሉ፣ ሳንቲም ይቀበላሉ፤ እኛ ሴቶቹ አበባየሆሽ እንዘፍናለን። ዘፈኑን እወደዋለሁ፤ የምፈልገው ግን መሣል ነበር። በመጨረሻ ከታላቅ ወንድሜ ጋር ውል ገባን፤ እኔ ነሐሴን ሙሉ እሥላለሁ፣ እርሱ ዞሮ ያድላል፣ ገቢው እኩል ይካፈላል። ሰፈሩ ወንድሜን «ሠዓሊው» ይለው ጀመር። ዛሬ ባንክ ውስጥ ይሠራል፤ ያለ ማስመሪያ ቀጥ ያለ መስመር አይወጣለትም። የልጅነት ፈጠራ እያልን ስናወራ የማን ልጅነት እንደሆነ መጠየቅ ደግ ነው፤ የስንቷ ልጅ ብልሃት ምድጃ ሥር እንደቀረ ማን ያውቃል።

ከሁላችንም የሚበልጠው ፈጣሪ ግን ስሙን እዚህ የማልጠራው አንድ ልጅ ነበር። የእርሱ የሽቦ መኪና መሪው ሲዞር የፊት ጎማዎቹ አብረው ይዞሩ ነበር፤ የእኛዎቹ ወደ ፊት እንጂ ወደ ጎን አያውቁም። በቡሄ ሆያ ሆዬ ሲያወርድ የቤቱን ጌታ ስምና ሙያ እዚያው በር ላይ ሰክቶ ግጥም ያወጣል፤ ሙልሙሉን ይዘው የወጡት ሰዎች ስቀው ሳንቲም ይጨምሩለታል። ችግር ብልሃትን የሚወልድ ቢሆን ኖሮ ለእርሱ ነበር የሚወልድለት፤ ከግቢያችን ከሁሉ ይበልጥ የተቸገሩት እነርሱ ናቸውና። እናቱ ጉሊት ይቸረችሩ ነበር። ሲታመሙበት ስድስተኛ ክፍል ላይ አቋርጦ ሊስትሮ ሆነ፣ ቀጥሎም የታክሲ ረዳት። ብልሃቱ ከእርሱ አልራቀም፤ የሊስትሮ ሳጥኑ መሳቢያና የተሰወረ የገንዘብ ኪስ ነበረው፤ ሌሎቹ እየመጡ ያዩለት ነበር። ግን ብልሃቱ በሙሉ ለዕለት እንጀራ ዋለ። ድህነት መምህር ነው ሲባል የማስበው እርሱን ነው። እንዲህ ያለ ወሬ የሚወራበት ጠረጴዛ ዙሪያ እርሱ አይገኝም።

ተመራማሪዎችም በዚህ ጉዳይ ላይ ያገኙት ነገር ሁለት መልክ አለው፤ ሁለቱም ጓሮአችን ውስጥ ነበሩ። ራቪ ሜህታና ሜንግ ዡ የተባሉ አሜሪካ ያሉ ተመራማሪዎች በአንድ ሙከራቸው ከፊሎቹ ተሳታፊዎች በእጦት ስለማደግ፣ ከፊሎቹ በተትረፈረፈ ቤት ስለማደግ እንዲጽፉ አደረጉ። ከዚያም ዕቃ እንዳይሰበር የሚጠቀለልበትን ባለ አረፋ ፕላስቲክ ለሌላ ጥቅም እንዲያውሉት ጠየቋቸው። ስለ እጦት የጻፉት የተሻለ አዲስ ሐሳብ አመጡ። ልብ በሉ፤ ሰዎቹ ስለ እጦት አሰቡ እንጂ ጦማቸውን አላደሩም። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2013 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ሕንድ ውስጥ የሸንኮራ አገዳ ገበሬዎችን ከምርት በፊትና ከምርት በኋላ ፈተናቸው። ገንዘብ እጃቸው ላይ ባለቀበት በቅድመ ምርቱ ጊዜ እነዚያው ገበሬዎች ዝቅ ያለ ውጤት አመጡ። ሰዎቹ አልተለወጡም፤ ሐሳባቸው በኑሮ ተይዞባቸው ነው። ጠባብ ወረቀት እጅን ያስለምዳል፤ የእራት ጭንቀት ግን ወረቀቱንም እጁንም ያስረሳል። አባቴ በየወሩ ደመወዝ ነበረው፤ እኔ ቁራጭ ወረቀት ላይ ስሥል እራት እንዳለ አውቅ ነበር።

ሠዓሊው ኤልያስ ስሜም በዚሁ ወሬ መካከል መነሣቱ አይቀርም። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ነው፤ ከመርካቶ የሚሰበስበውን የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የኮምፒውተር ቁልፍና የተፈታታ ሰርኪዩት ጎንጉኖና ደርድሮ ግድግዳ የሚሞላ ሥራ ይሠራል፤ ሥራዎቹም በውጭ አገር ታላላቅ ሙዚየሞች ይታያሉ። «ከወዳደቀ ብረት!» ብለው ይደነቃሉ። መደነቁ ይገባል፤ ግን ታሪኩ እስከ መጨረሻው ይነገር። ይህ ሰው የአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሪ ነበር፤ በ1982 ዓ.ም. ተመርቋል። መርካቶ ምናለሽ ተራ የሚከመረው ዕቃ ለሁላችንም ክፍት ነው። የሚጎድለን ዕቃው አይደለም።

አሁን የምኖረው ግንፍሌ አካባቢ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። የስምንት ዓመት ሴት ልጅና የአምስት ዓመት ወንድ ልጅ አሉኝ። ሰርቪሱ በማለዳ ይወስዳቸዋል፣ አመሻሽ ላይ ይመልሳቸዋል፤ ከዚያ የቤት ሥራ፣ ቅዳሜ ደግሞ አስጠኚ። ጎረቤቶቼ ልጆቻቸውን የሚያስጠኑት ስለሚወዷቸው ነው፤ እኔም ስለምወዳቸው ነው። እኛ ግማሽ ቀን ነበረን፤ እነርሱ ያላቸው ከእራት በፊት ያለች አንዲት ሰዓት ናት፤ እርሷንም ስልክ ቀድሞ ይይዛታል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ፈረንጆቹ በ2019 ባወጣው መመሪያ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ስክሪን ላይ እንዳይቆይ ይመክራል። ጥሩ ምክር ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን የሰዓቱ ቁጥር አይደለም። ልጄ በዚሁ ስልክ ቆርኪዎችን ጠረጴዛ ላይ በጥቂት በጥቂቱ እያንቀሳቀሰች ፎቶ ታነሣና የሚሄድ ፊልም ትሠራለች፤ ቆርኪዎቹ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ፣ አንዱ ይሞታል። ያንን ስትሠራ ስልኩ ካቻቢቴ ነው። ስልኩ ጠላት የሚሆነው መሰላቸት ገና ብቅ ሲል አንገቱን ሲቀጨው ነው።

ባለፈው ዓመት ትምህርት ቤቷ «ፕሮጀክት» ሰጣት፤ ከወዳደቁ ነገሮች የጎጆ ቤት ሞዴል ሠርታ እንድትመጣ። «ከወዳደቁ ነገሮች» የሚለው ተሰምሮበታል። ሙጫ ልንገዛ የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ ገባን። ባለ ሱቁ የደብተሯን ሽፋን አየት አድርጎ «የጎጆው ነው? ያለቀለት አለኝ» አለና መደርደሪያውን አሳየን። በመልክ በመልክ የቆሙ ጎጆዎች፣ ክዳናቸው የተከረከመ፣ አጥራቸው ቀለም የተቀባ። ወዳድቀው የተገኙ ይመስላሉ፤ ዋጋቸው ግን አይመስልም። ልጄ ሙጫዋን ይዛ ወጣች፤ ካርቶንና ከዕቃ ማሸጊያ የለቀመችውን ጭድ አጣብቃ የራሷን ሠራች። ዘመም ያለ ጎጆ ነበር፤ ሰው ቢኖርበት ኖሮ የጎረቤት ምሰሶ የሚያስፈልገው ዓይነት። ከአሥር ስድስት አገኘች፤ «ጽዳት ይቀረዋል» ተብሎ ተጻፈበት። የተገዙት ዘጠኝና አሥር አገኙ።

መምህሯን አልወቅስም፤ ብዙ ልጅ፣ ብዙ ወረቀት፣ ብዙ ወላጅ አለባት። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ክወናና ዕይታ ጥበባት የሚባል ትምህርት አለው፤ ሐሳቡ ሸጋ ነው። ግን የልጅ ሥራ የልጅ ሥራ መምሰሉ የሚያሳፍር ከሆነ የትኛውም መጽሐፍ አያድነንም። ያን ቀን ማታ ልጄ «እማዬ፣ በሚቀጥለው እንግዛ?» አለችኝ። አልገዛንም፤ ግን ጥያቄዋ ተገቢ ነው፤ ያስተማርናት እኛ ነን።

ወንድ ልጄ ገና ይህን አልተማረም። ለእርሱ ካርቶን ካርቶን አይደለም፤ ጠዋት አውቶቡስ ነው፣ ማታ ደግሞ የጅብ ቤት። ይህ የእርሱ ብቻ ጠባይ አይደለም። ጀርማንና ዴፌይተር የተባሉ ተመራማሪዎች በ2000 እንደ ፈረንጆቹ ባሳተሙት ጥናት ልጆች አሻንጉሊት ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ እንዲደርስ እንዲረዱት ጠየቋቸው፤ መላው የተሰጣቸውን ሳጥን ደፍቶ መቆሚያ ማድረግ ነው። ሳጥኑ መጀመሪያ ዕቃ ተጨምሮበት ሲሰጣቸው የስድስትና የሰባት ዓመት ልጆች መላውን ለማግኘት ዘገዩ፤ ሳጥን የዕቃ መያዣ መሆኑ ሐሳባቸውን ያዘው። የአምስት ዓመቶቹን ግን አላገዳቸውም። እንግዲህ ከአምስት በኋላ የሚመጣውን ሳስብ፣ አንድ ቁልፍ ሲጫኑት አንድ ዘፈን ብቻ የሚዘፍነውን የፕላስቲክ መጫወቻ በልደት ቀን የሚያመጡልንን ዘመዶች በፈገግታ መቀበል ይከብደኛል።

ጓሮው ራሱ የለም። በ2016 ኮሪደር ልማቱ ሲጀመር ከፒያሳ ብዙ መንደር ተነሣ፤ ዶሮ ማነቂያ ሄደ፣ ነዋሪው ወደ ከተማው ዳር ተበተነ። ያኔ የተነሣውን ጭቃ ቤትና የጋራ ሽንት ቤት ማንም አይናፍቀውም፤ የሚናፍቅ ካለ ኖሮበት አያውቅም። በቦታው ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መሥመር፣ አደባባይ መጥቷል፤ ማታ ማታ ልጆች በብርሃን ሥር ሲሮጡ ሳይ ደስ ይለኛል። በ2014 አራት ኪሎ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም ለልጆቼ የእሑድ ቤታቸው ሆኗል። የጎደለው ሌላ ነው። በዚህ ሁሉ ውበት ውስጥ ልጅ የሚነቅለው፣ የሚፈታው፣ የሚገለብጠው ነገር የለም፤ ሣሩን የሚጠብቅ ጥበቃ አለ። ሰዓት ጠጋኙም፣ ጎሚስታውም፣ ልብስ ሰፊዋም ከልጆች ዓይን ርቀዋል። ልጆቼ ሰው ሥራ ሲሠራ የሚያዩት እኔ ኮምፒውተር ፊት ስቀመጥ ነው፤ ከኋላዬ ለሚያየኝ ልጅ ደግሞ ፊልም ከሚያይ ሰው አልለይም።

ይህ የእኛ ብቻ ጣጣ ቢመስልም ዴንማርኮች ቀድመው ገጥሟቸዋል። ሶረንሰን የተባለ የመናፈሻ ንድፍ ባለሙያ ያማሩ መጫወቻ ቦታዎች ከሠራ በኋላ ልጆቹ የእርሱን ትተው ግንባታ ቦታ ላይ በተጣለ ዕቃ ሲጫወቱ አየ። እንደ ፈረንጆቹ በ1943፣ አገሩ በጀርመን ጦር ተይዞ ሳለ፣ ኮፐንሃገን ኤምድሩፕ ውስጥ ሳንቃ፣ ጡብ፣ ጎማና መዶሻ ያለበት የቁሳቁስ ሜዳ ተከፈተ። ልጆቹን የሚያግዝ፣ ሥራቸውን ግን የማይሠራላቸው አንድ ትልቅ ሰውም ተመደበበት። ከጦርነቱ በኋላ እንግሊዞችም ሐሳቡን ወስደው በቦምብ በፈረሱ ሰፈሮቻቸው ተከሉት። ሀብታም አገር ሆን ብሎ ለልጆቹ ፍርስራሽ አዘጋጀ፤ ረሀብን ግን አላዘጋጀም። የእኔም ክርክር ከዚህ የተለየ አይደለም።

ኮንዶሚኒየማችን እንደ ሌሎቹ ሁሉ ለድግስና ለልብስ አጠባ የተሠራ የጋራ ቤት አለው፤ አብዛኛውን ጊዜ ተቆልፎ ነው የሚከርመው። ጥቂት ወላጆች ሆነን አንዷን ጥግ ለልጆች እንዲሰጠን ኮሚቴውን ጠየቅን። የጥበቃ ሠራተኛችን ጋሼ በወጣትነታቸው አናጢ ነበሩ፤ ልጆቹ መጋዝና መዶሻ ሲይዙ አብሬ እሆናለሁ ብለዋል። እያንዳንዱ ቤት ሊጥለው ያለውን ያመጣል፦ የማቀዝቀዣ ካርቶን፣ የተበላሸ ሬዲዮ፣ የመጋረጃ ዘንግ፣ የጀሪካን ክዳን። ሬዲዮኑን ጋሼ ከልጆቹ ጋር ፈቱት፤ መግነጢሱ ላይ ጠብ ተነሣ፣ በዕጣ ተከፈለ። ከልጆቹ ይልቅ ወላጆቹ አስቸጋሪዎች ናቸው ይላሉ ጋሼ፤ አንዱ አባት ልጁ ሚስማር ሲያጣምም አላስችል ብሎት መዶሻውን ቀምቶ ራሱ ጨረሰው፤ ጋሼም በትሕትና ውጭ ወንበር አውጥተው አስቀመጡት።

ኮሚቴው ፈቃዱን የሰጠው በቅድመ ሁኔታ ነው፦ መስታወት አይገባም፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ መዶሻ አይሰማም፣ ሴት ወንድ ተብሎ አይለይም። የመጨረሻዋን ያስገባኋት እኔ ነኝ። ሦስተኛ ፎቅ ያሉ ጎረቤታችን የመጋዙን ድምፅ ከስሰዋል፤ አንድ ሌላ አባት ደግሞ አስጠኚ ተቀጥሮ፣ ሰዓት ተመድቦ፣ በየወሩ ክፍያ ተሰብስቦ «ሥርዓት ይያዝ» የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። የመጀመሪያውን ከሰዓቱ ጋር ማስማማት ይቻላል። ሁለተኛውን ግን ድምፄ እስኪዘጋ እቃወመዋለሁ። በመጪው እሑድ ስብሰባ አጀንዳው ተይዟል፤ ከውኃ ፓምፑ ጥገና ቀጥሎ።